አማርኛ ውክፔዲያ፦ የተደጋገሙና ያረጁ ገጾችን ከየት ጀምሮ ማጽዳት ይሻላል?

ብራና፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት አምስት ሆነን በየሳምንቱ አማርኛ ውክፔዲያ ላይ ለመሥራት ተስማምተናል። አዲስ ከመጻፍ ያለውን ማደስ ይቀድማል ብለን ነው። ያስቸገረን፣ አንዱ ርእስ በሁለት አጻጻፍ ሁለት ገጽ አለው፤ ከተሞች በፈረሰ ክልል ሥር ተጽፈዋል፤ ባለ አንድ መስመር ገጾችም ሞልተዋል። የቱ ይቅደም? ባለ አንድ መስመሮቹስ ይጥፉ?

ሸማኔው፦ ከድግግሞሹ ጀምሩ። ለሶፍትዌሩ «ዓለማየሁ» እና «አለማየሁ» የተለያዩ ርእሶች ናቸው። ገጹ በ«ጸ» ተከፍቶ ሊንኩ በ«ፀ» ከተጻፈ ቀይ ይሆናል፤ ቀዩን ያየ ደግሞ የለም ብሎ ሌላ ይከፍታል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ክፈቱና ብዙ ሰው የሠራበትን አስቀሩ። ከሌላው የሚጠቅመውን ስታመጡ፣ ከየትኛው ገጽ እንደመጣ ለውጡን ስታስቀምጡ በሚሞላው የማጠቃለያ ሳጥን ከነሊንኩ ጻፉ። የውክፔዲያ ጽሑፍ የሚታተምበት ፈቃድ የጸሐፊዎቹ ድርሻ እንዲታወቅ ስለሚያስገድድ ይህ አይዘለልም። የተረፈውን ገጽ አታስጠፉት፣ ሪዳይሬክት (አንባቢውን በራሱ ወደ ሌላ ርእስ የሚወስድ ገጽ) አድርጉት። ሶፍትዌሩ የሚከተለው አንድ ሪዳይሬክት ብቻ ስለሆነ፣ ርእስ ባዛወራችሁ ቁጥር የድሮዎቹን ሪዳይሬክቶች በቀጥታ ወደ መጨረሻው ርእስ አዙሯቸው። አለዚያ አንባቢው መሀል መንገድ ላይ ይቀራል።

ቃጭል፦ የደቡብ ክልልን ስም በጅምላ በአንድ ስም እንዳትተኩት! ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ወጣ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፤ የቀረው በ2015 መጨረሻ ለደቡብ ኢትዮጵያና ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተከፈለ። ስለዚህ ሐዋሳ ሲዳማ፣ ቦንጋ ደቡብ ምዕራብ፣ ሆሳዕና ማዕከላዊ፣ አርባ ምንጭና ዲላ ደቡብ ኢትዮጵያ ናቸው። ግርጌ ላይ ያለውን መደብም (ገጹን ከመሰሎቹ ጋር የሚመድበውን ሊንክ) አብራችሁ ቀይሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ስለ 1990ዎቹ የሚያወራ ዓረፍተ ነገር ግን በድሮው ስም ይቆይ።

«አሁን የሕዝቡ ብዛት» የሚል ካገኛችሁ ቁጥሩ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ፈልጉና «በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ» እንደማለት አድርጉት። «አሁን» በየዓመቱ ውሸት ይሆናል።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሁሉ 8 ይቀንሳል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ግን ልዩነቱ 7 ነው። ዓድዋ ማርች 1896 ስለሆነ 1888 ትክክል ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ግን ኖቬምበር 1930 ስለሆነ 1923 እንጂ 1922 አይደለም። ወሩ ካልታወቀ እ.ኤ.አ. ብሎ መተው ይሻላል።

ጉልላት፦ በቅደም ተከተሉ ከሸማኔው ጋር አልስማማም። በየወሩ በብዛት የታዩ ገጾች ዝርዝር ይወጣል፤ ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ወስዳችሁ ድግግሞሹንም ዓመተ ምሕረቱንም እዚያው ጨርሱ። ማንም የማይከፍተውን ገጽ ማጣመር ሊቆይ ይችላል። ባለ አንድ መስመሩን በተመለከተ፣ ስለ ቀበሌ ከሆነ ወደ ወረዳው ገጽ አስገብታችሁ ሪዳይሬክት አድርጉት። በማሽን ተተርጉሞ ትርጉም የማይሰጠው ግን ይጥፋ፤ እሱን ማረም ከመጻፍ ይብሳል።

ብራና፦ እናመሰግናለን። ከእንግሊዝኛው የተተረጎሙት ላይ «መለጠፊያ፦» የሚሉ ቀይ ሊንኮች ይታያሉ። መለጠፊያውን (በብዙ ገጾች የሚገባውን ዝግጁ ቅጽ፣ ለምሳሌ የመረጃ ሳጥኑን) ገልብጠን ብናመጣውስ?

ሸማኔው፦ ብቻውን አይሠራም። የእንግሊዝኛው መለጠፊያ ሥሩ ሌሎች መለጠፊያዎችንና የሉአ ሞጁሎችን (በሉአ ቋንቋ የተጻፉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) ይጠራል፤ እነሱ ከሌሉ በቀይ የስህተት ጽሑፍ ይተካል። አማርኛው ላይ ለከተማ ወይም ለሰው የሚሠራ ሳጥን ካለ ያንን ተጠቀሙ። ከሌለ ሳጥኑን አውጡና መረጃውን በዓረፍተ ነገር ጻፉት።