ወረርሽኝ ሲመጣ የአረቄ ጋን ለሳኒታይዘር ይጣድ? የባሕር ዳር ክርክር

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ጥያቄ ይኸው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም መጨረሻ ባሕር ዳር መግቢያ መውጫዋ ሲዘጋ ሳኒታይዘር ብርቅ ሆኖ ነበር። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ትናንሽ የውስኪ ቤቶች ውስኪውን ትተው ለሆስፒታል፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኛና ለጎረቤት ሳኒታይዘር ያዘጋጁ ነበር፤ ብዙዎቹም በነጻ አደሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ በጣና ዙሪያ ከዳጉሳና ከበቆሎ አረቄ የሚያወጡ እናቶች ሞልተዋል። ሌላ ወረርሽኝ ሳይመጣ ከተማዋ ፈቃድ ሰጥታ ታዘጋጃቸው ወይስ ይቅር? ሐሳባችሁን በቁጥርና በአሠራር አስደግፉ።

ከሽምብጥ፦ ታዘጋጃቸው። አገራችን ውስጥ አልኮል በብዛት የሚወጣው ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ (ስኳሩ ሲወጣ ከሚቀረው ወፍራም ፈሳሽ) ነው፤ ፊንጫና መተሐራ። መንገድ ሲዘጋ ከዚያ የሚመጣ በርሜል አይጠበቅም። እዚህ ግን ጥንስሱን፣ ብቅሉን፣ ጌሾውን፣ እሳቱን የሚያውቅ እጅ በየሰፈሩ አለ። መጠጥ ቤት ሲዘጋ ደግሞ መጀመሪያ ገቢ የሚቋረጥባቸው እነሱ ናቸው። ሙያውም ሰውም አለ፤ የጎደለው ዝግጅት ነው።

ከዘንዘልማ፦ እህቴ፣ ሙያውን አከብራለሁ፤ ቁጥሩ ግን አይፈቅድልሽም። ተራ አረቄ ከ40 በመቶ በታች ነው፤ ዳግሙ፣ ማለትም ሁለተኛ ጊዜ የወጣው፣ 45 ገደማ። እጅ ላይ ያለ ቫይረስ እንዲሞት አልኮሉ ቢያንስ 60 መሆን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ደግሞ 80 ላይ ነው የሚያርፈው። ለ10 ሊትር፦ 96 በመቶ ኢታኖል (አልኮሉ ማለት ነው) 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ፣ 98 በመቶ ግሊሰሪን 145 ሚሊ፣ ከዚያ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ 10 ሊትር እስኪሞላ። ተከድኖ 72 ሰዓት ይቀመጣል፤ ፐርኦክሳይዱ በዕቃው ውስጥ የቀረውን የባክቴሪያ ዘር የሚገድለው በዚያ ጊዜ ነው።

አሁን አልኮሉ 96 ባይሆንስ? 90 ከሆነ 8,889 ሚሊ ይገባል። 85 ከሆነ 9,412 ሚሊ፤ ከግሊሰሪኑና ከፐርኦክሳይዱ ጋር ሲደመር ለውሃ የሚቀረው ቦታ 26 ሚሊ ብቻ ነው። ስለዚህ 85 የመጨረሻው ወለል ነው፤ ከዚያ በታች ያለ አልኮል ቀመሩ ውስጥ አይገባም። በጋን ሦስተኛ ጊዜ ቢደገም መጀመሪያ የሚንጠባጠበው 75 ሊነካ ይችላል፤ ወደ ማብቂያው እየቀጠነ ስለሚሄድ የተጠራቀመው ከ65 ብዙም አይዘልም።

የአሜሪካ ውስኪ ቤቶችም ከዚህ አላመለጡም። በሕጋቸው ቡርበን ሲጣራ ከ80 በመቶ በላይ መውጣት አይፈቀድለትም፤ የመዳብ ጋናቸውም ለዚያ የተሠራ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ከትልልቅ ፋብሪካ ንጹህ አልኮል ገዝተው ነው ሳኒታይዘሩን የቀመሙት። ይህ ሳይነገር ምሳሌነታቸው ብቻ ሲነሳ ሰው ይሳሳታል።

ከሽምብጥ፦ ወንድሜ፣ ከጋኑ በቀጥታ ይቀዳ ያለ የለም። እናቶች ዳግሙን ያቅርቡ፤ ከተማዋ አንድ ቦታ ላይ ማጣሪያ ዓምድ ትትከል። 50 ሊትር የሚይዝ የስቴንለስ ድስት፣ ከላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከ20 ቁመት ያለው ቱቦ፣ ቱቦው ውስጥ የመዳብ ሽቦ ጥልፍልፍ፣ ጫፉ ላይ ከወጣው አብዛኛውን ወደ ታች የሚመልስ ማቀዝቀዣ። በዚህ 93 እና 94 ይገኛል። 40 ሊትር ዳግም ውስጡ 18 ሊትር ንጹህ አልኮል አለው፤ መጀመሪያና መጨረሻ የሚጣለው ሲቀነስ 16 ይቀራል እንበል። 20 ሊትር ሳኒታይዘር ማለት ነው፤ ባለ 100 ሚሊ ብልቃጥ 200 ይሞላል።

ከዘንዘልማ፦ ይሄኛውን መነጋገር ይቻላል። ግን ምን ምን እንደሚበላሽ አብረን እንቁጠር።

አንደኛ ጊዜው። እንደዚህ ያለ ቱቦ በሰዓት ከ1 ሊትር ብዙ አይሰጥም። ያልሽው 16 ሊትር ወደ 17 ሰዓት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ተረኛ ያስፈልጋል። ሁለተኛ እሳቱ። የባሕር ዛፍ እንጨት አንዴ ይነዳል አንዴ ይከስማል። ሲነድ እንፋሎቱ ወደ ታች የሚወርደውን ፈሳሽ ገፍቶ ቱቦው ውስጥ ያቁረዋል፤ ዓምዱ ይንጎደጎዳል፣ ከላይ የሚወጣውም ከ94 ወደ 70 ይወርዳል። በኤሌክትሪክ ማሞቂያና መቆጣጠሪያ ካልሆነ አይሆንም። መብራት ሲቋረጥ ደግሞ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ሦስተኛ ውሃው። ማቀዝቀዣው በሰዓት 30 ሊትር ያህል ይጠጣል። የቧንቧ ውሃ መሀል ላይ ከጠፋ አልኮሉ ሳይቀዘቅዝ እንደ እንፋሎት ወደ ክፍሉ ይወጣል። ስለዚህ ከፍ ብሎ የተቀመጠ 1,000 ሊትር ሮቶ፣ ለዓምዱ ብቻ፣ የግድ ነው።

አራተኛ ቴርሞሜትሩ። የውስኪ መጻሕፍት «78 ዲግሪ ሲደርስ» ይላሉ። ያ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው 94 ገደማ ላይ፣ ኢታኖል ደግሞ 73 ገደማ ላይ ነው። 78ን የሚጠብቅ ሰው ጥሩው ክፍል አልፎት ጅራቱን፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣውን ቀጭን፣ ነው የሚቀዳው።

ከድባንቄ፦ ሁለታችሁም ስለ ዓምዱ ብቻ አወራችሁ፤ ስለ እጁ ማንም አላነሳም። ሐይቁ ዳር ዓሣ ሲያጸዳ የዋለ እጅ፣ ገበያ ቅቤ ሲመዝን የዋለ እጅ፣ ጭቃ የነካ እጅ፦ በእነዚህ ላይ ሳኒታይዘር አይሠራም፤ ስቡና ቆሻሻው አልኮሉን ከጀርሙ ይጋርደዋል። ሳሙናና ውሃ ግን ይሠራል። ያ ካልተገኘ በረኪና አለ። 5 በመቶ የሆነውን አንድ እጅ በረኪና ከ99 እጅ ውሃ ስትቀላቅል ለእጅ ይሆናል፤ አንድ እጅ ከ9 እጅ ውሃ ስትቀላቅል ለወለልና ለበር እጀታ። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፤ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፤ በረኪናን ከአልኮልም ከአሲድም ጋር ማንም አይቀላቅል፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

እህሉንም አስቡት። ዘመናዊ ፋብሪካ ከአንድ ኩንታል በቆሎ 40 ሊትር ያህል ንጹህ አልኮል ያወጣል። በጋን የሚገኘው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ገበያ በተዘጋበት ወር ስንት ኩንታል ከሰው አፍ ይነጠቃል? ደግሞስ የሚቀጥለው ወረርሽኝ የመተንፈሻ በሽታ ለመሆኑ ማን ዋስ ሆነ? በ2015 ቋራ ላይ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል የተነሳው ኮሌራ ነበር። ለኮሌራ ብልቃጥ አያድንም፤ የሚጠጣው ውሃ ነው መታከም ያለበት።

ከሽምብጥ፦ እትዬ፣ ሳሙናን ማንም አልተቃወመም። ግን ከአንድ አልጋ ወደ ሌላ አልጋ በየደቂቃው የምትሄድ ነርስ በየመሀሉ ቧንቧ ፍለጋ ልትሄድ አትችልም። የባጃጅ ሹፌርም ብር በተቀበለ ቁጥር አይታጠብም። ሳኒታይዘሩ ለእነሱ ይሁን። 20 ሊትሩ ለከተማው ሁሉ ቢባል ኢምንት ነው፤ ለጤና ጣቢያ ግን ትልቅ ነው። እህሉን በተመለከተ፣ አተላው አይጣልም፤ ለከብት ይሰጣል፤ የወሰድነው ስታርቹን ነው፣ ፕሮቲኑ አተላው ውስጥ ይቀራል።

ከዘጌ፦ እህል ለምን ይነካል? እምቦጩ ጣናን አልብሶታል። ከሱ አልኮል ቢወጣ ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይፈታል።

ከዘንዘልማ፦ ወንድሜ፣ ምኞቱ የሁላችንም ነው። እምቦጭ ግን ከ100 ኪሎው ከ90 በላይ ውሃ ነው። የቀረው ደረቅ ነገር ስታርች ሳይሆን ሴሉሎስ ነው፤ ብቅል አይፈታውም። በአሲድ ወይም በተገዛ ኢንዛይም መጀመሪያ ወደ ስኳር መቀየር አለበት፤ የሚገኘው ጥንስስም ቀጭን ስለሆነ ለማጣራት የሚነደው ማገዶ ከአልኮሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ወረርሽኝ በመጣበት ሳምንት የሚጀመር ሥራ አይደለም።

አወያይ፦ ስለ ሜታኖል፣ መርዛማ ስለሆነው የአልኮል ዓይነት፣ የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ። በ2012 ኢራን ውስጥ ኮሮናን ይከላከላል ብለው ሜታኖል የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። የኛ አረቄ ያሰጋል?

ከዘንዘልማ፦ ሜታኖል በብዛት የሚመጣው ከፍራፍሬ ልጣጭ ፔክቲን ነው፤ ከእህል ድፍድፍ የሚወጣው ትንሽ ነው። በጅምላ የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ከድፍድፉ የመጣው ሳይሆን ሰው ከኢንዱስትሪ በርሜል ቀድቶ የቀላቀለው ነው። ስለዚህ ማጣሪያው ቦታ ላይ ምንጩ ያልታወቀ ጀሪካን አይገባም። ያ ሕግ ከማንኛውም የኬሚስትሪ ምርመራ ይቀድማል። «የመጀመሪያውን ጥቂት ቅምሻ ከጣልን ሜታኖሉ ሄደ» የሚለውም እውነት አይደለም፤ ሜታኖል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተከፋፈለ ነው የሚወጣው።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ እሳቱ ነው። እስቲ የአረቄ ጋን አፍ ላይ ተመልከቱ፦ መቃው ከጋኑ የሚገናኝበት ቦታ በጭቃና በሊጥ ይመረጋል። ሊጡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ቀጭን እንፋሎት ይፉጫል፤ ከሥሩ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ እሳት ይነዳል። ተራ ድፍድፍ ሲወጣ እንፋሎቱ ውስጥ ውሃ ስለሚበዛ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። 45ቱ ተመልሶ ሲገባ ግን እንፋሎቱ ራሱ ነዳጅ ነው። 80 በመቶ አልኮል ባሕር ዳር ቀን ላይ ባለው ሙቀት ሁሌም ክብሪት ይቀበላል፤ ነበልባሉም ሰማያዊ ስለሆነ ፀሐይ ላይ አይታይም። እናቶች ቤት ሦስተኛ መድገም ፈጽሞ እንዳይሞከር የምለው ለዚህ ነው።

ከሰባታሚት፦ የቴክኒኩን ተውኩትና ስለ ሕጉ ልናገር። ያመጣችሁት የአሜሪካ ምሳሌ መጨረሻ አለው። በአውሮፓውያኑ መጋቢት 2020 የምግብና መድኃኒት አስተዳደራቸው ጊዜያዊ መመሪያ አወጣ፤ ውስኪ ቤቶች ሳኒታይዘር እንዲሠሩ ተፈቀደ፤ ለዚያ የሚውለው አልኮል ከኤክሳይዝ ታክስ ነጻ ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ግን «መድኃኒት አምራች ሆናችኋልና 14,060 ዶላር ክፈሉ» የሚል ማስታወቂያ ደረሳቸው። ጩኸቱ ሲበዛ የጤና መሥሪያ ቤቱ ወዲያው ሰረዘው። መመሪያው በ2021 መጨረሻ ሲያበቃ ያልተሸጠ ሳኒታይዘር ታቅፈው የቀሩም ነበሩ።

እኛም ከዚህ እንማር። በቃል «አምርቱ» ተብለው የጀመሩ እናቶች በኋላ በ2012 ዓ.ም በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 እንደ አልኮል አምራች ቢጠየቁስ? ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ፣ የተረፈውን ማን እንደሚረከብ ይግለጽ። ደግሞ አልኮሉ ከማጣሪያው ሲወጣ እዚያው ይመረር። ግሊሰሪንና ፐርኦክሳይድ ሰውን ከመጠጣት አይከለክሉም፤ አሜሪካኖቹ መራራ ኬሚካል እንዲጨመርበት ያስገደዱት ለዚህ ነው። የዘይት ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ያለ ጽሑፍ ከተቀመጠ ሕፃን ይጠጣዋል።

ከድባንቄ፦ እሬት ጨምቀው የሚጨምሩም አሉ። እባካችሁ ይህን ከልክሉ። ጭማቂው ውሃ ነው፤ 80ውን ያቀጥነዋል፣ የራሱን ጀርምም ይዞ ይገባል። እጅ እንዳይሰነጣጠቅ ግሊሰሪኑ ይበቃል። አቋሜ ግን አልተለወጠም፤ ያለው ገንዘብ አንድ ከሆነ መጀመሪያ ሳሙናና ሮቶ በየትምህርት ቤቱ፣ ዓምዱ ከዚያ በኋላ።

ከዘንዘልማ፦ እኔ ተለውጫለሁ። በየቤቱ ይሠራ ከተባለ አይሆንም። አንድ ማጣሪያ፣ የሠለጠነ ኬሚስት፣ የጽሑፍ ፈቃድ ካለ ግን እደግፋለሁ። ወረርሽኝ በሌለበት ጊዜም ለጤና ጣቢያና ለላብራቶሪ 70 በመቶ አልኮል ያውጣ፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዓምድ በችግር ቀን ማሸጊያው ደርቆ ነው የሚገኘው።

ከሽምብጥ፦ እንግዲያው ዋጋው ላይ እንስማማ፤ እናቶች የሚጎዱት እዚያ ነው። በጀሪካን አይገዛ። 20 ሊትር ጀሪካን 45 ከሆነ 9 ሊትር አልኮል አለው፤ 35 ከሆነ 7 ብቻ። ዋጋው ውስጡ ባለው ንጹህ አልኮል ይሁን፤ የአልኮል መለኪያውም ሻጯ ፊት ይነከር። መለኪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ ላይ 45 ያነበበው አረቄ በእውነቱ 41 ነው፤ ጠዋት በ15 ዲግሪ 43 ያነበበው ደግሞ 45 ነው። ጠዋት ይዛ የመጣችው እናት ያለ ጥፋቷ ሁለት ነጥብ ታጣለች። ስለዚህ ከመለኪያው ጎን ቴርሞሜትር፣ ከግድግዳው ላይ ደግሞ የማስተካከያው ሠንጠረዥ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ።