ናይት ቪዥን ስትጫወቱ የትኛው ቀለም ይሻላል? አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ

ድቅድቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጫወተው ጌም የናይት ቪዥኑን (ጨለማ ውስጥ የሚያሳየውን መነጽር) ቀለም ከአምስት እንድመርጥ ይፈቅዳል፦ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ እና ሰማያዊ። ሞኒተሩ 27 ኢንች፣ 1440ፒ (2560 በ1440 ፒክስል)፣ አይፒኤስ የሚባለው የኤልሲዲ ፓነል ነው፤ ብራይትነሱ እስከ ጫፍ ተከፍቶ 300 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ) ገደማ ይሰጣል። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ጨለማ ነው።

አሁን ያለው ሁኔታ ይኸውና፦ በአረንጓዴው ጠላት ቶሎ ይለያል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ዓይን ያቃጥላል፣ ከስክሪኑ ቀና ሲባል ነጩ ግድግዳ ሮዝ መስሎ ይታያል። «ቀይ ዓይን አይጎዳም» ሲባል በየቦታው አነባለሁ፤ በቀይ ግን ቁጥቋጦው ውስጥ የቆመ ሰውና ቁጥቋጦው አንድ ይሆናሉ። በሰማያዊ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይታይም። ይህ የቀለሙ ጣጣ ነው የሞኒተሩ? የሮዙ ነገርስ አደገኛ ነው? የምታውቁ በቁጥር ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል፤ «ለዓይንህ የተመቸህን ምረጥ» የሚለውን መልስ ጠግቤዋለሁ።

ፒክስል_ቆጣሪ፦
በቁጥር ካልክ እንግዲህ እንቁጠር።

በተራ ኤስአርጂቢ (የተለመደው የስክሪን ቀለም ደረጃ) ስክሪን ላይ ነጭ ቀለም ከሚሰጠው ብርሃን ውስጥ የአረንጓዴው ድርሻ 71.5 በመቶ፣ የቀዩ 21.3፣ የሰማያዊው 7.2 ብቻ ነው። የቀን ብርሃን ላይ ዓይናችን በጣም የሚነቃው 555 ናኖ ሜትር አካባቢ ላለው አረንጓዴ ስለሆነ ነው። ነጩ 300 ኒት ከሆነ፣ እስከ ጫፍ የበራ ንጹሕ አረንጓዴ 215፣ ቀይ 64፣ ሰማያዊ 22 ኒት ገደማ ይሰጣል።

ናይት ቪዥን ላይ የምትፈልገው ሰው ግን ያለው ጫፉ ላይ ሳይሆን ታች፣ ጥቁሩ አጠገብ ነው። ስክሪን ድምቀትን ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ሙሉ ድምቀት) ይቆጥራል፤ ቁጥቋጦው 20፣ ሰውየው 30 ላይ ናቸው እንበል። ጋማው (ያ ቁጥር ወደ ብርሃን የሚለወጥበት ቀመር) 2.2 ከሆነ በነጭ ቀለም ቁጥቋጦው 1.1 ኒት፣ ሰውየው 2.7 ኒት ይሆናሉ። አሁን የአይፒኤሱን ድክመት ጨምርበት። ኮንትራስቱ 1000 ለ1 የሆነ አይፒኤስ ነጩ 300 ኒት ሲሆን ጥቁሩ 0.3 ኒት ነው፤ ማለትም ፒክስሉ ቢዘጋም ከኋላ ያለው ባክላይት በትንሹ ያፈሳል። ይህ 0.3 በሁሉም ላይ ይደመራል። ከዚያ ሰውየው ከቁጥቋጦው ስንት እጥፍ ይደምቃል ብለህ ብታሰላ፦

በነጭ 3.0 ለ1.4፣ ማለትም 2.1 እጥፍ
በአረንጓዴ 2.2 ለ1.1፣ ማለትም 2 እጥፍ
በብርቱካናማ 1.7 ለ0.9፣ ማለትም 1.9 እጥፍ አካባቢ
በቀይ 0.88 ለ0.54፣ ማለትም 1.6 እጥፍ
በሰማያዊ 0.50 ለ0.38፣ ማለትም 1.3 እጥፍ

ብርቱካናማውን ቀይ 255፣ አረንጓዴ 176፣ ሰማያዊ 0 አድርጌ ነው ያሰላሁት፤ የጌምህ ትንሽ ሊለይ ይችላል። እንግዲህ «በቀይ ሰውና ቁጥቋጦ አንድ ይሆናሉ» ያልከው ስህተት አይደለም። ቀይና ሰማያዊ ከሚፈሰው ብርሃን በላይ የሚነሳ ጉልበት የላቸውም፣ ጭጋግ ውስጥ እንደተያዘ ባትሪ ናቸው። ባክላይቱን ብትቀንስም ጥቁሩ አብሮ ስለሚወርድ እጥፉ አይለወጥም። እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ ስለሚያበራ ጥቁሩ ዜሮ በሆነ ኦሌድ ስክሪን ላይ ግን አምስቱም ቀለሞች ወደ 2.4 እጥፍ ይጠጋሉ፤ እዚያ ላይ የሚቀረው ልዩነት የስክሪኑ ሳይሆን የዓይን ነው። ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ ሁለቱም ነው፦ ቀለሙ ደካማ ነው፣ ፓነሉ ደግሞ ድክመቱን ያጋልጠዋል።

የዓይን_ብሌን፦
ከላይ ያለው ሂሳብ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ዓይኑ ልናገር።

ሮዙ ግድግዳ አደገኛ አይደለም። ለረጅም ጊዜ አረንጓዴ ብቻ ሲያይ የቆየ ዓይን ለአረንጓዴ ያለው ስሜት ይደክማል፤ ነጭ ላይ ሲያርፍ የደከመው ስለሚጎድል የቀረው ወደ ሮዝ ያዘነብላል። እውነተኛውን አረንጓዴ የሌሊት መነጽር ለሰዓታት የሚያደርጉ ሰዎችም ያውቁታል። በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል።

ማቃጠሉን በቀለሙ አታሳብብ። ሰው በተለምዶ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ወደ 5 ወይም 7 ይወርዳል። ጠላት እየፈለግህ ከሆነማ ትንፋሽህንም ነው የምትይዘው። ዓይኑ ይደርቃል፣ ያቃጥላል። ሌላው ጨለማው ክፍል ነው። ብሌን ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ጨለማ ውስጥ በሰፊው ሲከፈት ብርሃን በዓይን ሌንስ ዳርቻ በኩልም ይገባል፣ የሌንሱ ጉድለት ሁሉ ይጎላል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ክብነት እኩል አለመሆን) ላለበት ሰው በጥቁር ላይ ያለች ብሩህ ነጥብ ጭራ አውጥታ የምትታየው ለዚህ ነው።

ስለ ቀይ፦ ወሬው ከእውነት የተነሳ ነው፤ የተሳሳተ ቦታ ላይ ዋለ እንጂ። በጨለማ የሚያዩልን ዘንግ የሚባሉት ህዋሳት ከ640 ናኖ ሜትር በላይ ላለ ቀይ ብርሃን ግድ የላቸውም። ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ፤ አንድ ነጭ መብራት ደግሞ ወዲያው ያፈርሰዋል። ስለዚህ ካርታ በቀይ መብራት አንብቦ መልሶ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ባሕር ለሚያይ ሰው ቀይ ተገቢ ነው። አንተ ግን ከስክሪኑ ወጥተህ ጨለማ ውስጥ የምታየው ነገር የለህም። ብርሃኑ ጥቂት ኒት ሲያልፍ ሥራውን የሚይዙት በቀን ብርሃን ቀለም የሚያዩልን ሾጣጣዎቹ ህዋሳት ናቸው። ቀይ የሚጠብቅልህን ነገር ጌሙ አይጠይቅህም።

ሰማያዊ ሌላም ጣጣ አለበት። የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) መሃል ላይ፣ ቀጥ ብለን በምናፈጥበት ነጥብ፣ 0.3 ዲግሪ ያህል ስፋት ያለው ቦታ ለሰማያዊ የሚነቁ ህዋሳት የሉትም። ከሞኒተርህ 60 ሴንቲ ሜትር ብትርቅ 1 ዲግሪ 45 ፒክስል ገደማ ነው፤ 0.3 ዲግሪ 14 ፒክስል ይሆናል። ሩቅ ያለ ጠላት ሙሉ ቁመቱ እዚያ ውስጥ ይገባል። ባፈጠጥክበት ቁጥር የሚጠፋው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ሰማያዊ ብርሃን የሚያተኩረው ከሬቲና ፊት ስለሆነ ጠርዙ ይደበዝዛል።

ጋማ_2.2፦
ሁለቱ የጻፉት እንዳለ ሆኖ፣ ሥራው ላይ እንምጣ። ቅደም ተከተሉን አትዝለል፤ የመጀመሪያው ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ በከንቱ ነው።

ከሁሉ በፊት የአርጂቢ ክልሉን፣ ማለትም ቀለም የሚላክበትን የቁጥር ወሰን፣ አረጋግጥ። ኮምፒውተሩ ከ0 እስከ 255 እየላከ ሞኒተሩ ከ16 እስከ 235 የሚጠብቅ ከሆነ ከ16 በታች ያለው ሁሉ ድፍን ጥቁር ይሆናል፤ 12 ላይ የቆመ ሰው በየትኛውም ቀለም አይታይህም። በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ጥቁሩ አመድ ይመስላል፣ ምስሉ ሁሉ ይነጣል። በኤችዲኤምአይ ሲገናኝ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል «አውትፑት ዳይናሚክ ሬንጅ» የሚለውን «ፉል» አድርግ፤ በኤኤምዲ ደግሞ «ፒክስል ፎርማት» ውስጥ «አርጂቢ 4:4:4 ፉል» የሚለውን ምረጥ። ሞኒተሩም ላይ «ብላክ ሌቭል» የሚባል ምርጫ ካለው ከዚህ ጋር ይግጠም።

ከዚያ ባክላይቱን አውርድ። ጨለማ ክፍል ውስጥ 300 ኒት የመኪና ፊት መብራት ነው። ከ100 እስከ 120 ኒት ይበቃል። መለኪያ ከሌለህ የሚከተለውን መብራት አብርተህ ነጭ ወረቀት ከሞኒተሩ ጎን ያዝ፤ የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ጥቂት ደመቅ ይበል እንጂ እንደ መስኮት አይብራ።

መብራቱ ከሞኒተሩ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፍ፣ 6500 ኬልቪን ነጭ ይሁን። ግድግዳው ላይ የሚታየው ብርሃን ከስክሪኑ ነጭ 10 በመቶ ገደማ ነው መሆን ያለበት። አምፖሉ በቀጥታ አይታይ፣ ስክሪኑ ላይም አያንጸባርቅ። ይህ ብሌኑን ያጠብበዋል፣ የአይፒኤሱም የፈሰሰ ብርሃን ጥቁር መስሎ ይታያል። ቀለም የሚቀያይረውን የጌመር ስትሪፕ ለጌጥ ተወው፤ ከጀርባ ያለው ቀለም ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀለም የምታይበትን መንገድ ያዛባል።

አሁን ጥቁሩን አስተካክል። 2፣ 4፣ 6፣ 8 እያለ የሚወጣ የጥቁር ደረጃ ምስል ሙሉ ስክሪን ክፈት። 4 በጭንቅ፣ 8 ደግሞ ያለችግር መለየት አለበት። ካልሆነ መጀመሪያ የጌሙን ጋማ ንካ። ብላክ ኢኳላይዘር ወይም ሻዶ ቡስት የሚባሉት ጨለማ ቦታን የሚያደምቁ የሞኒተር ምርጫዎች የመጨረሻ አማራጭ ናቸው፤ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ጥላው ሁሉ ወደ ግራጫ ይነሳና ጥላና ሰው እንደገና ይመሳሰላሉ፤ ያው የሸሸኸው ችግር ነው።

በመጨረሻ ከጌሙ ሴቲንግ ፊልም ግሬይን (የፊልም አሸዋ)፣ ብሉም (የብርሃን ማበጥ)፣ ቪኜት (የጠርዝ መጨለም) እና ክሮማቲክ አቤሬሽን (የጠርዝ ቀለም መበተን) አጥፋ። ግሬይኑ በተለይ ጠላትህን ይደብቃል፤ ሩቅ ያለ ሰው 14 ፒክስል ከሆነ፣ 2 እና 3 ፒክስል የሆነ የሚንቀጠቀጥ አሸዋ ቅርጹን ይበላዋል።

ድቅድቅ፦
ኮንትሮል ፓነሉ ላይ ሳይ «ሊሚትድ» ላይ ነበር! ሞኒተሩ ደግሞ «ፉል» ነው የሚለው። ተስተካከለ፣ አመዱ ሄደ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ጌሙ ቀለሙን በቁጥር እንድሰጠውም ይፈቅዳል፤ ምን ልስጠው? ደግሞስ ማታ ማታ የሰማያዊ ብርሃን ማጣሪያውን ላብራው?

ፒክስል_ቆጣሪ፦
የገረጣ አረንጓዴ ስጠው፦ ቀይ 190፣ አረንጓዴ 255፣ ሰማያዊ 200። ብርሃኑ ከነጩ 87 በመቶ ይሆናል፤ ንጹሑ አረንጓዴ 71.5 ነበር። ሦስቱም ቻናል ስለሚሠራ አንዱ ብቻ አይደክምም፣ ግድግዳውም ያን ያህል ሮዝ አይሆንም። እውነተኞቹም መነጽሮች ወደዚህ ነው የሄዱት፤ የድሮዎቹ ፒ43 የሚባለውን 545 ናኖ ሜትር ላይ የሚያበራ አረንጓዴ ፎስፈር (የመነጽሩን ምስል የሚያበራ ንጥረ ነገር) ሲጠቀሙ፣ ብዙዎቹ አዲሶቹ ፒ45 የሚባለውን ነጭ ይዘዋል። ጌሙ ቁጥሩን ባይቀበል ነጩን ምረጥ። የጌም ምስል ላይ ማጣሪያ በሚጨምር እንደ ሪሼድ ዓይነት ፕሮግራም ከውጭ ቀለም ልቀይር እንዳትል ግን፤ አንዳንድ ፀረ ማጭበርበሪያ ሲስተም አካውንት ያግድበታል።

የዓይን_ብሌን፦
ማጣሪያውን በጨዋታ ሰዓት አጥፋው። ለዘብ ያለው በዋናነት ሰማያዊውን ስለሚቀንስ ብርሃን ላይ ብዙ አይጎዳም፤ የመረጥከውን ቀለም ግን ያበላሻል፣ ጠንከር ሲል ደግሞ አረንጓዴውንም ይበላል። ለዓይን ድካም ሲሉ ማጣሪያ መነጽር ለሚገዙት፦ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2023 ያወጣው የጥናቶች ግምገማ መነጽሩ በአጭር ጊዜ የዓይን ድካምን ሊቀንስ እንደማይችል ነው የጠቆመው። የእንቅልፍ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ለእሱ አጠቃላይ ብርሃኑን መቀነስ ይረዳል፣ በጣም ካመሸ ብርቱካናማው መጥፎ ምርጫ አይደለም። ለማቃጠሉ ግን በየ20 ደቂቃው፣ ዙሩ ሲያልቅ፣ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር 20 ሰከንድ እይና ዓይንህን ሆን ብለህ ጨፍነህ ክፈት።

ጥቁር_አልጠፋም፦
ዘግይቼ ገባሁ፤ ሌሎች ፓነል ላላቸው አንባቢዎች ብቻ። ቪኤ የሚባለው ሌላው የኤልሲዲ ፓነል ካላችሁ ጥቁሩ ከአይፒኤስ ይሻላል፣ 3000 ለ1 አካባቢ ነው፤ ጥቁር ፒክስል ቶሎ ስለማይከፈት ግን ካሜራው ሲዞር ጠላት ጥላውን እንደ ቀለም እየጎተተ ያልፋል። ናይት ቪዥን ሙሉ በሙሉ ጥቁር አጠገብ ስለሚሠራ ከየትኛውም ሁኔታ በላይ እዚህ ይታያል። ጥቁሩን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ያቃልለዋል።

ኦሌድ ላይ ደግሞ የፍሬም ቁጥሩ ሲዘል ጨለማ ቦታዎች ብልጭ ድርግም ካሉ ጥፋቱ የቪአርአር (የሞኒተሩን የማደስ ፍጥነት ከጌሙ ፍሬም ጋር የሚያስተካክለው ምርጫ) ነው። ጌሙ ሁልጊዜ ሊደርስበት የሚችል የፍሬም ገደብ አስቀምጡ፤ ካልሆነ ቪአርአሩን አጥፉ። ባክላይቱ ሲቀነስ ራስ የሚያሳምማችሁ ደግሞ የስልክ ካሜራ ሹተሩን 1/1000 አድርጋችሁ ነጭ ስክሪን እዩበት፤ የሚሮጥ ወፍራም ጥቁር መስመር ካለ ሞኒተሩ ብርሃን የሚቀንሰው እያጠፋና እያበራ ነው። ያኔ ብራይትነሱን መስመሩ እስኪጠፋ ከፍ አድርጉና የቀረውን በጀርባ መብራቱ አመጣጥኑ።

አንድ ነገር ደግሞ ተረሳ፦ ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግረው ተጫዋች በአረንጓዴ ናይት ቪዥን ላይ ቀይ የጠላት ምልክት ያመልጠዋል። ነጩን ናይት ቪዥን ይክፈት፣ ምልክቱን ቢጫ ያድርግ፤ የኤችዩዲውን (ስክሪኑ ላይ የሚታዩት የጌሙ ቁጥሮችና ምልክቶች) ብርሃን ደግሞ ግማሽ ድረስ ያውርድ፣ ጥጉ ላይ ያለው ነጭ የጥይት ቁጥር ከምስሉ ሁሉ ደምቆ ዓይን የሚስብ ከሆነ የለፋንበት ጨለማ ትርፍ የለውም።

ድቅድቅ፦
190፣ 255፣ 200 ገባ። ኤችዩዲው 45 በመቶ ላይ ነው። ቁጥቋጦው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ ለካ።