ብርዱንም እርጅናውንም የሚችል ቤት እንዴት ልሥራ?

አባ ብሩክ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን 10 በ20 የሆነች ቦታ አለችኝ። ርዝመቷ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ አፈሩ ዋልካ። ባለቤቴ፣ ሁለት ሕፃናትና 71 ዓመት የሞላት እናቴ አብረን ነን። የተከራየነው ቤት ማታ ማታ ፍሪጅ ነው፤ ከሰል አቀጣጥለን ነው የምንተኛው። መብራት የማይበላ፣ ልጆቹ ሲያድጉም እኛ ስናረጅም የማይፈርስ ቤት እፈልጋለሁ። ብሬ የሚበቃው ለምድር ቤቱ ብቻ ነው። ዲዛይን ገና ስላላሠራሁ ምከሩኝ።

ነዳፊው፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከሰሉን ከመኝታ ቤት አውጣ። በር ዘግቶ ከሰል ይዞ መተኛት ይገድላል።

ወደ ቤቱ ስንመጣ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በበጋ ቀን ፀሐይ አለ፤ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ይልና የቀኑ ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል። ስለዚህ የቀኑን ሙቀት አፍኖ ማሳደር ነው ሥራው። ሳሎኑና የእናትህ ክፍል ወደ ደቡብ ይዩ፤ ትልልቁ መስኮት እዚያ ይሁን። በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለሆነች ብርዱ በጠናበት ወር ቤት ውስጥ ትገባለች። ሽንት ቤትና ዕቃ ቤት ወደ ሰሜን። ፀሐይ የሚያርፍበት ወለል ከባድ ኮንክሪት ይሁን፤ ቀን የጠጣውን ማታ ይመልሳል። ጣሪያውን አደራ! ከኮርኒሱ በላይ ፎም ሳታነጥፍ እንዳትዘጋው። በርና መስኮቱ ጠርዝ ላይ ጎማ አስገባ።

ግንበኛው፦ ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቆርጠህ አውጣውና በሰለክት (በተመረጠ፣ በማያብጥ አፈር) ሙላው። ፎቅ የምታስብ ከሆነ መሠረቱና ኮለኑ (ምሰሶው) ከአሁኑ ለጂ ፕላስ ዋን (ለምድርና ለአንድ ፎቅ) ይሰላ። በኋላ መሠረት ማጠናከር ቤት እንደ አዲስ ከመሥራት አይተናነስም።

የአዋሬው፦ እኔም እንዲህ ተብዬ ለወደፊቱ ፎቅ የኮለን ፌሮ ከጣሪያ በላይ አቆምኩ። 11 ዓመቱ። አሁን ልብስ ማስጫ ነው። ይልቅ አንዱን ክፍል የራሱ ሽንት ቤትና ወደ ግቢ የሚያወጣ በር ስጠው። ዛሬ ለእናትህ፣ ነገ ለጎረምሳው፣ ከዚያ ለተከራይ፣ ስታረጁ ለራሳችሁ።

ግንበኛው፦ የክፍሉ ሐሳብ ጥሩ ነው። ፌሮውን ግን እንዳይዝግ በደካማ ኮንክሪት መሸፈን ነበረብህ ጋሼ።

እመ ዮሐና፦ እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ዊልቸር ላይ ስትሆን የሽንት ቤታችን በር 70 ሳንቲም ነበር። አልገባም አለ። ግድግዳ እየፈረሰ እሷ ጎረቤት ከረመች። የሁሉንም በር 90 አድርጉት፤ ደፍም ደረጃም አይኑር። መቀመጫውና ሻወሩ አጠገብ ያለውን ብሎኬት ኮንክሪት ሙሉት። ባዶ ብሎኬት ላይ የታሰረ መያዣ ሰው ሲደገፍበት ተነቅሎ ይመጣል።

ሽቦ፦ ቆጣሪውን የሚያሮጠው አምፖል አይደለም፤ ምጣድና ቦይለር ነው። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሚስብ የራሱ መስመርና ብሬከር ይኑረው። አንዴ ከጋለ ሳታቋርጡ ጋግሩ። በቦይለር ፋንታ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ፤ ውርጭ ስላለ ቫኪዩም ቱቦ (አየር የወጣለት ድርብ የመስታወት ቱቦ) ያለውን፣ ቧንቧውም ተጠቅልሎ። ወጥ ቤትና ሻወር ጎን ለጎን ይሁኑ፤ የሞቀው ውሃ መንገድ ላይ አይቀዘቅዝም። ከጣሪያ እስከ ቆጣሪ ባዶ ቱቦ ቅበሩ። ሶላር ለመጨመር ስትፈልጉ ግድግዳ አትቦረቡሩም።

አባ ብሩክ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ችግር አለ፤ ደቡብ በኩል ጎረቤቴ ፎቅ አቁሟል። 9 ሜትር ይሆናል።

ነዳፊው፦ በታኅሣሥ ቀትር ጥላው 6 ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋትና ማታ ይረዝማል። ቤቱን ወደ ሰሜን ጫፍ ግፋው፣ ግቢውን በደቡብ አስቀር። ታኅሣሥ ላይ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄደህ ጥላው የት እንደሚደርስ ችካል ምታ።

አባ ብሩክ፦ እንግዲህ ችካል ይዤ ልሂድ። የደቡቡን ግቢ ግን እናቴ ከአሁኑ ለጎመን ይዛዋለች።