አባቴ የድሮ የብር ሳንቲም እንዲያገኙ ሜታል ዲቴክተሩን እንዴት ላስተካክልላቸው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። አባቴ አሜሪካ ከመጡ ወዲህ እኛ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲውሉ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበር የሚውሉት። ባለቤቴ ሜታል ዲቴክተር ገዛላቸውና በጣም ወደዱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥራ ፈተው የማያውቁ ሰው ስለሆኑ እሱን ይዘው ሲወጡ ፊታቸው ይበራል። ችግሩ ቆፍረው የሚያወጡት ሁሉ የጣሳ መክፈቻ ቀለበትና ቆርኪ ነው። የሚፈልጉት ደግሞ ከብር የተሠሩትን የድሮ ሳንቲሞች ነው። ማሽኑ ለእነሱ ብቻ እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል? መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የምትነግሩኝን በአማርኛ ጽፌ ልሰጣቸው አስቤአለሁ።

መልስ

እህቴ፣ አባትሽን ዕድሜና ጤና ይስጥልሽ። ባልሽም ጥሩ ነገር ነው ያደረገው።

ለብር ብቻ እንዲጮህ ማድረግ አይቻልም፤ ወደዚያ በጣም ማስጠጋት ግን ይቻላል። ማሽኑ ሳንቲም የሚባል ነገር አያውቅም። ከታች ያለው ክቡ ኮይል መግነጢሳዊ መስክ ይልካል፤ መስኩ መሬት ውስጥ ያለውን ብረታ ብረት ሲነካ በላዩ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሳል፤ ማሽኑም ከዚያ የሚመለሰውን ምልክት አንብቦ ቁጥር ይሰጣል። ብርና መዳብ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፉ ቁጥራቸው ከፍ ይላል። ፎይል፣ የጣሳ ቀለበትና ኒኬል የሚባለው የ5 ሳንቲም ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ ሚስማር ከሁሉም በታች ነው። መጠንና ውፍረትም ቁጥሩን ይቀይሩታል። ስለዚህ አባትሽ ሁለት ነገር ይወቁ፦ የሚፈልጉት ሳንቲም ከምን እንደተሠራና የእሱን ቁጥር የሚጋራው ቆሻሻ የትኛው እንደሆነ።

ዳይም (10 ሳንቲም)፣ ኳርተር (25 ሳንቲም) እና ሃፍ ዶላር (50 ሳንቲም) እስከ 1964 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 90 በመቶ ብር ነበሩ። በ1965 ሕጉ ሲቀየር ዳይምና ኳርተር ውስጣቸው መዳብ፣ ፊታቸው የመዳብና የኒኬል ቅልቅል ሆነ። ሃፍ ዶላሩ ግን እስከ 1970 ድረስ 40 በመቶ ብር ነበረው። ዓመቱ ባይነበብ እንኳ የዳይሙንና የኳርተሩን ጠርዝ ይዩት፤ ቀላ ያለ የመዳብ መስመር ከታየ አዲሱ ነው።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። መጀመሪያ ዲስክሪሚኔሽኑን (ለማይፈለግ ነገር ዝም እንዲል የሚያደርገውን ማስተካከያ) ብረት፣ ማለትም ሚስማሩን ብቻ እንዲተው አድርጊላቸው፤ ሌላውን ለጊዜው ክፍት ተዪው። ከዚያ ቤት ካለው ዝርዝር ሳንቲም ኒኬል፣ አዲስ ፔኒ (1 ሳንቲም)፣ ከ1982 በፊት የተሠራ ፔኒ፣ ዳይምና ኳርተር ምረጪ። አንድ የብር ዳይም ከተገኘ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ውጭ ንጹሕ መሬት ላይ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቀው፣ አንድ በአንድ እያስቀመጡ ኮይሉን በላያቸው ያወዛውዙና የሚወጣውን ቁጥር ጻፉ። የጣሳ ቀለበቱንና የቆርኪውንም ቁጥር አብራችሁ ጻፉ። የሌላ ሰው ቁጥር አትገልብጪ፤ የአንዱ ማሽን መለኪያ እስከ 99 ሲሄድ የሌላው 40 ላይ ያበቃል። ያንን ዝርዝር በአማርኛ ጽፈሽ ማሽኑ ዘንግ ላይ ለጥፊላቸው፤ ከመመሪያው መጽሐፍ ይልቅ የሚጠቅማቸው እሱ ነው። አንድ ሁለቱን ሳንቲም በመዳፍ ስፋት ያህል ጥልቀት ቀብራችሁ እንደገና ሞክሩ። ቁጥሩ ትንሽ ሲዋዥቅ ታያላችሁ፤ ጥልቀቱና የአፈሩ ማዕድን ነው የሚያዋዥቀው።

ዝርዝሩን ስትጨርሱ አዲሱ ፔኒ ከቀለበቱ በላይ፣ ከዳይሙ በታች ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከ1982 ወዲህ የተሠራው 97.5 በመቶ ዚንክ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው 95 በመቶ መዳብ። አባትሽ በእርግጥ ብር ብቻ ከፈለጉ ከአዲሱ ፔኒ ጀምሮ ወደ ታች ያለውን ሁሉ በኖች (የተመረጡ ቁጥሮችን ዝም በሚያሰኘው ማስተካከያ) ይዝጉት። ያኔ ቀለበቱና ፎይሉ በአብዛኛው ዝም ይላሉ። ከላይ የሚቀሩት የመዳብ ፔኒ፣ ዳይምና ኳርተር ናቸው፤ የብር ዳይም ከመዳብ ፔኒና ከአዲስ ዳይም ጋር በቁጥር እጅግ ስለሚቀራረብ ግን ሦስቱንም መቆፈር ግድ ነው። ይህ እንዳያሳዝናቸው። ከ1909 እስከ 1958 የተመቱት፣ ከጀርባቸው ሁለት የስንዴ ዛላ ያለባቸው ፔኒዎች ከወጡ ቦታው የብር ሳንቲም በሰው ኪስ በነበረበት ዘመን ሰው የተመላለሰበት ነው ማለት ነው። እዚያው ዙሪያውን ቀስ ብለው ይፈልጉ።

እኔ ግን ኒኬሉን እንዲዘጉት አልመክርም። ከ1942 እስከ 1945 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት 35 በመቶ ብር የተቀላቀለባቸው ኒኬሎች አሉ፤ ከጀርባቸው ካለው ሕንፃ ጉልላት በላይ በተጻፈው ትልቅ ፊደል ይለያሉ። የወርቅ ቀለበትም ብዙ ጊዜ ከጣሳ ቀለበት ጋር ተቀላቅሎ የሚገኘው በዚያው ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ከ1866 ጀምሮ የተለመደው ኒኬል ቅልቅሉ ስላልተቀየረ (75 በመቶ መዳብ፣ 25 በመቶ ኒኬል) ቁጥሩ ብዙም አይንቀሳቀስም። የጣሳ ቀለበት ቅርጹ ስለሚለያይና ስለሚታጠፍ ቁጥሩ ይዘላል። ስለዚህ ከሁለት አቅጣጫ አወዛውዘው ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ይቆፍሩ።

ቆርኪና የዛገ ብረት አንዳንዴ ከፍ ያለ ቁጥር ሰጥተው ያታልላሉ። መፍትሔው ዘጠና ዲግሪ ዞሮ ከጎን ማወዛወዝ ነው። ሳንቲም ክብ ስለሆነ ከየትም ቢመጡበት ተመሳሳይ ድምፅ ይሰጣል፤ ሚስማር ከአንድ ወገን ይጮህና ከሌላው ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል።

ሴንሲቲቪቲውን (የማሽኑን ንቃት) እስከ መጨረሻ አትክፈቱት። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለምክንያት ይንጫጫል፤ ዝም እስኪል ቀንሱት። ግራውንድ ባላንስ (ለአፈሩ ማዕድን እንዳይጮህ የሚያደርግ ማስተካከያ) ካለው ንጹሕ መሬት ላይ ኮይሉን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ድምፁ እስኪረጋ ያስተካክሉት። ፍሪኩዌንሲ (የሚልከውን ምልክት ድግግሞሽ) መምረጥ የሚያስችል ከሆነ ዝቅተኛው ለብርና ለመዳብ፣ ከፍተኛው ለኒኬልና ለትንንሽ ወርቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ አባትሽ የሚጮኸውን ሁሉ ይሰማሉ? ብዙ ማሽኖች ለብር የሚሰጡት ቀጭንና ከፍተኛ ድምፅ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ መጀመሪያ ከጆሮ የሚጠፋው ይኸው ቀጭን ድምፅ ነው። የብር ሳንቲም ላይ እየቆሙ ሳይሰሙት እያለፉ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ማሽን የቶኑን ቅጥነት ይቀንሳል፤ በጆሮ ማዳመጫ አብራችሁ ሞክሩት።

ሌላ አስተያየት

ወንድማችን ስለ ማሽኑ በደንብ ተናግሯል። እኔ ስለ ቦታው ልጨምር፤ እኔን ከማሽኑ ይልቅ ይሄ ያስጨንቀኛል። ናሽናል ፓርክ ውስጥ ሜታል ዲቴክተር መጠቀም ብቻ ሳይሆን መያዝም የተከለከለ ነው። በሌላ የፌዴራል መሬት ላይም ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ታሪካዊ ቅርስ ማውጣትን የ1979 ሕግ ይከለክላል። የከተማና የካውንቲ ፓርኮች ሕጋቸው ይለያያል፤ አንዱ ይፈቅዳል፣ አንዱ ፈቃድ አውጡ ይላል፣ አንዱ ጭራሽ ይከለክላል። ደውለሽ ጠይቂና መልሱን በኢሜይል ይላኩልሽ። አባትሽ ወደፊት ዜግነት የሚጠይቁ ከሆነ ማመልከቻው በፖሊስ ተይዘው ወይም ተከሰው ያውቁ እንደሆነ ስለሚጠይቅ ለአንድ ዳይም ሲሉ የፌዴራል የቅጣት ቲኬት ባይቀበሉ ይሻላል።

የሰው ግቢ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። በእንግሊዝኛ ስማቸውን፣ ምን እንደሚሠሩና የአንቺን ስልክ የያዘ ትንሽ ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ አድርጊላቸው። መቆፈሪያው ቢላ ስለሚመስል ፖሊስ ወይም ሌላ ሰው ሲያናግራቸው መጀመሪያ መሬት ላይ ያስቀምጡት፤ ይሄን ደጋግመሽ ንገሪያቸው። ግቢ ውስጥ ከመቆፈር በፊት 811 ደውላችሁ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሩን በነጻ ማስመልከት ትችላላችሁ። ሣሩንም ሦስት ጎኑን ብቻ ቆርጠው እንደ ክዳን ይግለጡት፤ ሲጨርሱ መልሰው ይርገጡት።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ አብረን ቁጥሮቹን ጻፍን። የኳርተሩን ድምፅ ሲሰሙ የዳይሙን ግን በደንብ አልሰሙትም፤ ቶኑን ዝቅ ሳደርገው ሰሙት። የብር ሳንቲም ቢያገኙ በምን ይታጠባል?

መልስ

ቶኑ እንኳን ተገኘ። ሳንቲሙን በጨርቅም በጣትም እንዳያሹት ንገሪያቸው፤ አፈሩ ውስጥ ያለው አሸዋ ፊቱን ይቧጭረዋል፣ የተቧጨረ ደግሞ ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው ይተዉት፤ አፈሩ ራሱ ይለቃል፤ ከዚያ ሳያሹ ፎጣ ላይ ያድርቁት። የጥርስ ሳሙናና የብር ማጽጃ ከቶ እንዳይነካው።