ፖሊሲን ለማያውቁት ተማሪዎች በሦስት ቅዳሜ እንዴት እናስተዋውቅ?

ጥያቄ፤ ረዳት መምህር፣ ስድስት ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። በሚመጣው ወር ሃያ አራት የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን በሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች ስለ ፖሊሲ ጥናትና ስለ ሙያው እንዳስተዋውቅ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። አብዛኞቹ ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላና ከደቡብ ኦሞ የመጡ፣ ከቤተሰባቸውም ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ ማየት የተሳናቸው ናቸው።

አምና በተመሳሳይ ዝግጅት ላይ ረዳት ነበርኩ። የተጋበዙት ኃላፊ ለሁለት ሰዓት ያህል ስለ ሕይወት ጉዟቸው ነገሩን፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ ሻይና ብስኩት ቀርቦ ተለያየን። በሳምንቱ አንዲት የአፋር ተማሪ ኮሪደር ላይ አስቁማኝ፣ «መምህር፣ ግን ፖሊሲ ከፖለቲካ በምን ይለያል?» አለችኝ። ያን ሁሉ ሰዓት ይህን ጥያቄ ይዛ እንደተቀመጠች ስረዳ አፈርኩ። ዘንድሮ እንዳይደገም ምን ላስተምር፣ የትስ ልውሰዳቸው፣ ስለ ሥራው ስንነግራቸውስ ሳናጋንን ምን እንበል? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፤ የፕላን ባለሙያ

ለተማሪዋ ጥያቄ የሚሆነው መልስ ከትርጓሜ አይገኝም። «ፖሊሲ ማለት» ብለው በስላይድ ከጀመሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ በዚያው ያልቃል። እኔ ብሆን አንድ ፕሮግራም ብቻ ይዤ እገባ ነበር፤ እሱም ሴፍቲኔት ነው። ቀድሞ በየዓመቱ የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ ይተላለፍ ነበር፤ እህሉም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ቤተሰቡ ፍየሉንና በሬውን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የለወጠው ዋና ነገር፣ በየዓመቱ የምግብ እጥረት እንደሚገጥመው የሚታወቅ ቤተሰብ ድጋፉን ሳይለምን በታወቀ ወቅት እንዲያገኝ፣ መሥራት የሚችለው በማኅበረሰብ ሥራ እየተሳተፈ፣ የማይችለው ደግሞ በቀጥታ እንዲደገፍ ማድረጉ ነው።

ይህን ከነገሯቸው በኋላ እርስዎ ዝም ይበሉና «በእናንተ ቀበሌ ማን ተመዘገበ፣ ማን ቀረ፣ መራጩስ ማን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። በአርብቶ አደር አካባቢ አንድ ቤት የገባ እህል ለዘመድና ለጎረቤት ስለሚከፋፈል፣ «ችግረኛውን ለይቶ መደገፍ» የሚለው ሐረግ ወረቀት ላይ እንዳለው ቀላል አለመሆኑን ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ማን ሥልጣን ይያዝ የሚለው ክርክር ፖለቲካ፣ ይህ ገንዘብ ለማን፣ በምን መስፈርትና በማን እጅ ይድረስ የሚለው ደግሞ ፖሊሲ መሆኑን፣ ሁለቱም ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች መሆናቸውን ያን ጊዜ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ለሁለተኛው ቅዳሜ በ2012 ዓ.ም. ከወጣው የአርብቶ አደር ልማት ፖሊሲና ስትራቴጂ ላይ ሁለት ገጽ ብቻ ይምረጡ። ካነበቡት በኋላ እያንዳንዱ ለአንድ ኃላፊ የሚቀርብ የአንድ ገጽ ማስታወሻ ይጻፍ፤ ችግሩን፣ ሁለት አማራጮችንና የሚመርጠውን ከነምክንያቱ ያስቀምጥ። ሥራችን በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ኃላፊ ሁለተኛውን ገጽ አይገልጥም።

መልስ፤ የሕግ ባለሙያ

እኔም ማየት የተሳነኝ ነኝና ከላይ በተሰጠው ምክር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያ የሁለት ገጽ ሰነድ በስካነር የተነሣ ከሆነ ለእኛ ፎቶግራፍ ነው፤ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብልን ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደር፣ ከገጹ ላይ አንዲት ቃል አያነብም። በጽሑፍ የተተየበውን ቅጂ ከዝግጅቱ ሦስት ቀን ቀድመው ለሦስቱ ይላኩላቸው። «ጓደኛው ያነብለታል» የሚለው መፍትሔ ለተማሪው የሚያስተምረው፣ ይህ ሙያ በሰው ትከሻ ካልሆነ በቀር እንደማይደረስበት ነው።

ስለ ሥራም በግልጽ ይነገራቸው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ አካል ጉዳተኛ አመልካች ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲያመጣ ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ አሠሪውም የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ይጠበቅበታል። እኔ ከተመረቅኩ በኋላ ለፈተና የቀረብኩበት አንድ መሥሪያ ቤት ፈተናውን በወረቀት ብቻ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። የአዋጁን ቁጥርና አንቀጽ ጠቅሼ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ከአሥር ቀን በኋላ በቃል ተፈተንኩ። አዋጁን ባላውቅ ኖሮ አልቅሼ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

ወደ ጉብኝቱ ስንመጣ፣ አራት ኪሎ ላይ ሁሉም በእግር የሚደረስ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ጎራ ብላችሁ አንድ ነጋሪት ጋዜጣ ግዙ። በአንድ ገጽ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ታትሞ፣ ልዩነት ሲገኝ አማርኛው የበላይነት እንዳለው በዓይኑ ያየ ተማሪ፣ ሕግ ውስጥ አንዲት ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳላት ያለ ሌክቸር ይገባዋል። በነገራችን ላይ፣ አፋቸውን በአማርኛ ያልፈቱት የመጀመሪያውን ማስታወሻ በራሳቸው ቋንቋ ቢጽፉ ምን ይጎዳል? ሐሳቡ ከጠራ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ለማየት ግን ቅዳሜ አይሆንም፤ ከሦስቱ ቀናት አንዱን ወደ ሥራ ቀን ያዛውሩት። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት ስላለ፣ ቀኑን አስቀድመው ያጣሩ። ከተቻለ ቋሚ ኮሚቴ በረቂቅ አዋጅ ላይ ሕዝባዊ ውይይት በሚጠራበት ቀን ይሁን፤ ከጠቅላላ ጉባኤው ይልቅ እዚያ ብዙ ይታያል።

ጥያቄ፤ ረዳት መምህር

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ተማሪዎቹ «ፖሊሲ አጥንተን የት እንቀጠራለን?» ይላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ውክልናቸው አናሳ ለሆነ የዲግሪ ተማሪዎች የሚሰጥ የፖሊሲ ሥልጠና ኢንተርኔት ላይ አይተው ማመልከት ይፈልጋሉ።

መልስ፤ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ

በሥራው ልጀምር። አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ በሚለጠፍባቸው ሰሌዳዎች ፊት፣ ጋዜጣ ላይ አንገታቸውን ካሰገጉት ወጣቶች ጎን ለግማሽ ሰዓት ያቁሟቸው። «የፖሊሲ ተንታኝ» የሚል ማስታወቂያ ከስንት አንድ ቢያገኙ ነው። የሚያገኙት «የዕቅድ ዝግጅት፣ ክትትልና ግምገማ ባለሙያ»፣ «የጥናትና ምርምር ባለሙያ»፣ «ረዳት ተመራማሪ»፣ «መረጃ ሰብሳቢ» የሚሉትን ነው። በሩ እነዚህ ናቸው፤ ተፈላጊው የትምህርት ዝግጅትም ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሕግ፣ ሶሺዮሎጂ፣ የሕዝብ አስተዳደር እያለ ይሰፋል። ስለዚህ ዲፓርትመንት ቀይሩ አትበሏቸው። የመነሻ ደመወዙ ትንሽ መሆኑንም አትደብቋቸው፤ ወደ ቤተሰቡ ብር መላክ ያለበት ልጅ ይህን የሚያውቀው ከተመረቀ በኋላ መሆን የለበትም።

እኔን ለመጀመሪያ ሥራዬ ያበቃኝ ከዲግሪው ይልቅ ኤክሴል ነው። የስታቲስቲክስ ተቋማችን ከዓለም ባንክ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2011/12 ጀምሮ ያካሄደው የኢትዮጵያ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ የቤተሰብ ጥናት፣ ለተመዘገበ ሰው በነፃ ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን የየክልላቸውን ቤተሰቦች የመጠጥ ውኃ ምንጭ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ያውጡ። አንድ ተማሪ «ይኼ ቁጥር ልክ አይደለም፣ በእኛ ወረዳ እንዲህ አይደለም» ብሎ ሲነሣ፣ «ናሙናው እንዴት ተወሰደ?» ወደሚለው ጥያቄ ይምሩት። ያ ልጅ ተመራማሪ ሊሆን ጀምሯል ማለት ነው።

ቀጥሎ መማር ለሚሹ፣ እዚህ አገር ማስተርስ ለመግባት የመውጫ ፈተናውንና የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ እንዳለባቸው ያስታውሷቸው። ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ ተመርቀው በማግስቱ የሚያመለክቱበት አይደለም።

መልስ፤ የቀድሞ ተማሪ

ስለ አሜሪካው የፖሊሲ ሥልጠና ላስረዳ። ሦስተኛ ዓመት ላጠናቀቁ ተማሪዎች በዓመት መጨረሻው ዕረፍት ለሰባት ሳምንት ያህል በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል፤ ነገር ግን የተዘጋጀው እዚያው አገር ለሚማሩ ነው። ልጆቹ ማመልከቻ ሲሞሉ እንዳይደክሙ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ሊኮረጅ የሚገባው ግን አንድ ነገር አለው፤ ለሠልጣኙ ማደሪያና ምግብ ይሰጣል፣ የኪስ ገንዘብም ይከፈለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ደሃ ተማሪ በዕረፍቱ ሠርቶ ማግኘት አለበት። የእርስዎ ተማሪዎችም ቅዳሜን የሚሠሩበት እንዳሉ ይጠይቁ። ለብስኩቱ የተያዘው በጀት ለትራንስፖርትና ለምሳ ቢዞር የሚቀሩት ይቀንሳሉ።

ረዳት መምህር

ጠየቅኋቸው፤ ከሃያ አራቱ ሰባቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ አላቸው። ስለዚህ ሁለቱን ቅዳሜዎች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አድርጌያለሁ፤ ሦስተኛው ቀን ወደ ሐሙስ ተዛውሮ አራት ኪሎ ይሆናል፣ የውኃውን ሠንጠረዥም ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ከማስታወሻው ጋር አያይዘዋለሁ። አምና ኮሪደር ላይ ያስቆመችኝ ተማሪ አሁን አራተኛ ዓመት ናት፤ የሴፍቲኔቱን ውይይት እንድትመራ ጠይቄያት እሺ ብላለች። የአርብቶ አደር ፖሊሲው የተተየበ ቅጂ ያላችሁ እስከ ረቡዕ ብታደርሱኝ፣ እኔ ያገኘሁት በስካነር የተነሣውን ነው።