ፓይተን ሪኩዌስትስ፦ ሎግኢን 200 ይመልሳል፣ ሴሽን ኩኪው ግን የለም

ሀኒ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጃንጎ (የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) ከተሠራ ድረ ገጽ ማታ ማታ ሪፖርት የሚያወርድ ስክሪፕት በሪኩዌስትስ (ፓይተን ከድረ ገጽ ጋር የሚነጋገርበት ላይብረሪ) እየጻፍኩ ነው። መግቢያ ገጹን በጌት አመጣለሁ፤ ከፎርሙ የሲኤስአርኤፍ ቶክኑን (ፎርሙ ከራሱ ገጽ መላኩን የሚያረጋግጠውን ኮድ) አወጣለሁ፤ የመጣውን ኩኪ አያይዤ ከስምና ከፓስዎርድ ጋር «ሪኩዌስትስ.ፖስት» አደርጋለሁ። ሪፈረር ሄደር ከጨመርኩ ወዲህ 403ቱ (ክልከላው) ጠፍቶ 200 (ተሳክቷል) ይመልሳል። ነገር ግን «አር.ኩኪስ» (የመልሱ ኩኪዎች) ውስጥ ሴሽንአይዲ፣ ማለትም መግባቴን የሚያስታውሰው ኩኪ፣ የለም፤ ሪፖርቱን ስጠይቅም ተመልሶ መግቢያ ገጹ ይመጣል። ብሮውዘር ላይ ኩኪው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምን ጎደለኝ?

ጥቁር_ተርሚናል፦
200ው አያታልልሽ፣ የመጨረሻው ገጽ መልስ ነው። ጃንጎ ሎግኢን ሲሳካ 302 ብሎ ወደ ሌላ ገጽ ይመራል፤ ሴሽንአይዲን ያዘለው ሴት-ኩኪ ሄደር የሚመጣው ከዚያ 302 ጋር ነው። ሪኩዌስትስ ሪዳይሬክቱን ራሱ ተከትሎ ይሄድና «አር.ኩኪስ» ውስጥ የመጨረሻውን መልስ ኩኪ ብቻ ያሳይሻል። «አር.ሂስትሪ»ን (በመንገድ የታለፉትን መልሶች ዝርዝር) አትሚው። 302 ካለበት ገብተሻል፣ ኩኪውም እዚያው ነው። ባዶ ሆኖ 200 ከመጣ ግን ሎግኢኑ አልተሳካም፤ ጃንጎ ፓስዎርድ ሲሳሳት ያንኑ ፎርም በ200 ነው የሚመልሰው።

መፍትሔው ሦስቱንም ጥያቄ በአንድ ሴሽን መላክ ነው፦

ኤስ = ሪኩዌስትስ.ሴሽን()

ከዚያ ኤስ.ጌት፣ ኤስ.ፖስት፣ ኤስ.ጌት። በየመንገዱ የመጣውን ኩኪ፣ የሪዳይሬክቱንም ጨምሮ፣ ሴሽኑ በራሱ ጃር (የኩኪ ማከማቻ) ይሰበስባል። በእጅ የምታያይዥውን ተይው፤ ለአንድ ጥሪ የተሰጠ ኩኪ ለዚያ ጥሪ ብቻ ነው፣ ጃሩ ውስጥ አይቀርም። «ኩኪ» የሚባለውን ሄደርም ራስሽ አትጻፊ። እሱ ካለ ጃሩ የራሱን አይጨምርም፣ ስህተትም አያሳይም፤ ዝም ብሎ ያልፋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጃንጎ ሎግኢን ላይ የሲኤስአርኤፍ ቶክኑን ይቀይራል። ከገባሽ በኋላ ሌላ ፖስት ካለሽ አዲሱን ቶክን ውሰጂ፣ በድሮው 403 ነው።

ሀኒ፦
302ቱ ሂስትሪ ውስጥ ነበር፣ በሴሽን ሠራ፤ አመሰግናለሁ። ደግሞ በየቀኑ እንዳልገባ ኩኪዎቹን በሞዚላኩኪጃር (ኩኪን ወደ ፋይል የሚጽፍ የፓይተን ጃር) ፋይል ላይ ሳስቀምጥ የሲኤስአርኤፍ ቶክን ኩኪው ይጻፋል፣ ሴሽንአይዲ ግን አይጻፍም። ለምን ይመርጣል?

ኮድ_ቤት፦
በቀላሉ «ዲክት_ፍሮም_ኩኪጃር» (ጃሩን ወደ ተራ ዲክሽነሪ የሚቀይር) አድርገሽ በጄሰን አስቀምጪው፣ ስትከፍቺ መልሰሽ ጫኚው።

ሸማኔ፦
ኮድ_ቤት ወንድሜ፣ አይመከርም። ዲክሽነሪ ስሙንና ዋጋውን ብቻ ይዞ ዶሜኑን፣ ፓዙን፣ ማብቂያ ጊዜውንና ሴኪዩር (በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ላክ የሚለውን) ምልክቱን ይጥላል። መልሰው ሲጭኑት ዶሜን የሌለው ኩኪ ይሆንና ሴሽኑ ለሚጠይቀው ድረ ገጽ ሁሉ ይላካል። የሎግኢን ኩኪ ለማያገባው ሰርቨር ማሳየት ማለት ነው።

ሀኒ፣ የጀመርሽው ትክክል ነው። የሲኤስአርኤፍ ኩኪው ማብቂያ ቀን አለው፤ ጃንጎ ካልተነካ አንድ ዓመት ገደማ ይሰጠዋል። ሴሽንአይዲም በነባሪው 1209600 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ሳምንት አለው፤ የናንተ ድረ ገጽ ግን ብሮውዘር ሲዘጋ እንዲያልቅ ተስተካክሎ ይመስላል። ያኔ ኩኪው ማብቂያ ቀን ሳይኖረው ይመጣል፣ ጃሩም «የሚጣል» ብሎ ይመዘግበውና ሴቭ ሲደረግ ይዘለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን መስመር ከመግባትሽ በፊት፣ ሁለተኛውን ከገባሽ በኋላ፦

ኤስ.ኩኪስ = ሞዚላኩኪጃር(የፋይሉ ስም)
ኤስ.ኩኪስ.ሴቭ(ኢግኖር_ዲስካርድ=ትሩ)

ሎድ ላይም ይህንኑ ኢግኖር_ዲስካርድ ድገሚው፤ ብዙ ሰው ሴቭ ላይ ጽፎ ሎድ ላይ ይረሳና ፋይሉ ሙሉ ሆኖ ጃሩ ባዶ ይሆንበታል። መጀመሪያ ቀን ፋይሉ ስለማይኖር ሎድ ይወድቃል፣ መኖሩን አረጋግጠሽ ጥሪው። ጃሩን ከቀየርሽ በኋላ ደግሞ በስም በካሬ ቅንፍ መጥራት አይሠራም፣ ያ የሪኩዌስትስ የራሱ ጃር ባሕርይ ነው፤ በፎር ሉፕ አንድ በአንድ እለፊባቸው።

ፋይሉ ኖረ ማለት ሰርቨሩ ያውቀዋል ማለት አይደለም። ሪፖርቱን በ«አላው_ሪዳይሬክትስ=ፎልስ» ጠይቂ፤ 302 ወደ መግቢያ ገጹ ከመለሰ እንደገና ግቢ። የፋይሉን ፈቃድ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት) አድርጊው፣ ጊት ውስጥም አታስገቢው፤ ያንን ፋይል ያገኘ ሰው ፓስዎርድ ሳያስፈልገው በአንቺ ስም ይገባል።

ሀኒ፦
ሁለቱም ሠሩ። የመጨረሻ፦ በሎካልሆስት (በራሴ ኮምፒውተር) ባለው የድረ ገጹ ቅጂ ስሞክር ኩኪው ጃሩ ውስጥ አለ፣ ግን አይላክም።

ጥቁር_ተርሚናል፦
ሴኪዩር የሚል ምልክት አለው? ካለው የፓይተን ጃር በተራ ኤችቲቲፒ አይልከውም። ክሮምና ፋየርፎክስ ለሎካልሆስት ስለሚራሩ ብሮውዘር ላይ ይሠራል፣ ስክሪፕት ላይ ይቀራል። ለሙከራው ቅጂ ብቻ «ሴሽን_ኩኪ_ሴኪዩር»ን ፎልስ አድርጊው። ኩኪውን በእጅሽ የጨመርሽው ከሆነ ደግሞ ዶሜኑን «ሎካልሆስት.ሎካል» በይው፤ ነጥብ ለሌለው ስም ጃሩ «.ሎካል» ጨምሮ ነው የሚያመሳስለው።