የዲቱዲ ስልኮች የታወሩን ተጠቃሚ ሲግናል ዋጡብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን
ሰላም ወገኖች። የማስተርስ ጽሑፌ ስለ ዲቱዲ ነው፤ ስልኮች በታወር ሳያልፉ በቀጥታ ሲገናኙ የኔትወርኩን ፍሪኩዌንሲ እንዴት ይጋሩ የሚል። ማትላብ በሚባለው የስሌት ሶፍትዌር ላይ አንድ ታወር አቆምኩ። በታወሩ የሚጠቀመው ስልክ 500 ሜትር ላይ ነው። በዚያው አቅጣጫ 200 ሜትር ላይ፣ 30 ሜትር ተራርቀው በቀጥታ የሚገናኙ ጥንድ ስልኮች አሉ። ሁሉም በ23 ዲቢኤም (የፓወር መለኪያ ነው) ይልካሉ፤ አንድ የአፕሊንክ (ከስልክ ወደ ታወር የሚላክበት) ሪሶርስ ብሎክ፣ ማለትም አንድ የፍሪኩዌንሲ ቁራጭ፣ ይጋራሉ። የታወሩ ተጠቃሚ ሲግናል ከረብሻው በ15 ዲቢ (የሲግናል ብልጫ መለኪያ) አነሰ። ዳውንሊንኩን (ከታወር ወደ ስልክ የሚላክበትን) ላጋራቸው ወይስ ለዲቱዲ የራሱን ብሎክ ልስጠው?

አንቴና
እህቴ፣ አፕሊንኩን አትልቀቂ። አፕሊንክ ላይ የሚረበሸው ታወሩ ራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ማን በየትኛው ብሎክ እንደሚልክ ያውቃል። ዳውንሊንክ ላይ ግን የሚረበሸው አጠገብ ያለ ሌላ ስልክ ነው። የሞባይል ኔትወርክ ደረጃዎችን የሚያወጣው 3ጂፒፒም በሪሊዝ 12 ደረጃው ለዲቱዲ የመደበው የአፕሊንኩን ፍሪኩዌንሲ ነው።

ችግርሽ ፓወሩ ነው። 23 ዲቢኤም 200 ሚሊዋት ነው። 30 ሜትር ላይ ላለ ስልክ ይህን ያህል መላክ አጠገብህ የተቀመጠን ሰው በድምፅ ማጉያ እንደማናገር ነው።

በቁጥር እንየው። ሲግናል በመንገድ የሚጠፋበትን በዲቢ ለማስላት ወደ ታወር ለሚሄደው 128.1 + 37.6 ሎግ (ርቀት)፣ በስልኮች መካከል 148 + 40 ሎግ (ርቀት) ውሰጂ፤ ርቀቱ በኪሎሜትር ነው። ከ200 ሜትር እስከ ታወሩ 102 ዲቢ ገደማ ይጠፋል። ስለዚህ ዲቱዲው ታወሩ ጋ በ−79 ዲቢኤም ይደርሳል፤ የ500 ሜትሩ ተጠቃሚ ግን በ−94። −15ቱ የመጣው ከዚህ ነው። ዲቱዲውን ወደ 3 ዲቢኤም አውርጂው። ተጠቃሚሽ +5 ዲቢ ያገኛል። ጥንዶቹም አይጎዱም፤ −84 ይደርሳቸዋል፣ የአንድ ብሎክ ኖይዝ (ማንም ሳይልክ የሚኖረው ረብሻ) ደግሞ −121 አካባቢ ነው።

የመንዝ ልጅ
ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ቀርቷል። የታወሩ ተጠቃሚም ጥንዶቹን ይረብሻል። አሁን 300 ሜትር ስለራቀ −104 ነው የሚያደርስባቸው፤ 20 ዲቢ ብልጫ አላቸው። ጥንዶቹ አጠገብ 50 ሜትር ላይ ቢመጣ ግን ረብሻው −73 ይሆናል፤ አለቀላቸው። የዲቱዲን ፓወር መቀነስ እዚህ ጋ አያድንም። መፍትሔው ብሎክ የሚጋራቸውን ሰው መምረጥ ነው።

ለእያንዳንዱ ጥንድና ተጠቃሚ፣ መጀመሪያ ሁለቱንም የሚያኗኑር ፓወር ፈልጊ። ካልተገኘ ያንን ጥምረት ሰርዢው። ለቀሩት የዳታ ፍጥነታቸውን ድምር በሠንጠረዥ አስቀምጠሽ ምርጡን ጥምረት ለሚፈልገው ሀንጋሪያን አልጎሪዝም ስጪው። ከማንም ጋር ያልገጠመ ጥንድ የራሱን ብሎክ ያግኝ፣ ወይም በታወሩ ይለፍ። ሁሉንም በግድ ማጋራት የለብሽም።

ነጋዴው፣ ከመሃል ሜዳ
ይቅርታ፣ ላቋርጣችሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ የእኔ ስልክ በዚህ መንገድ ከጎረቤቴ ጋር ይገናኛል?

አንቴና
ጋሼ፣ ይኸኛው በተራ ስልኮች ላይ አልተለመደም። ለፋይልና ለፎቶ ብሉቱዝ ወይም ዋይፋይ ዳይሬክት ይጠቀሙ። እነሱ የሚሠሩት ፈቃድ በማይጠይቅ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ ከታወሩ ጋር አይነካኩም።

ዋሻው ማዶ
አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ቀመሮች ለገደል አልተሠሩም። ጣርማ በር አፋፍ ላይ ያለ ስልክ ከሥሩ ካለው ስልክ ጋር ተራራው ይጋርደዋል፤ ቆላ ያለ ሩቅ ታወርን ግን ፊት ለፊት ያየዋል፣ ይረብሸዋልም። ደብረ ብርሃን ከተማን ከሆነ የምታጠኚው ችግር የለውም። ቢሆንም ሻዶዊንግ (የሕንፃና የኮረብታ ግርዶሽ) አስገቢ። የስልኮቹንም ቦታ በዘፈቀደ እየቀያየርሽ ደጋግመሽ አስኪጂው፤ በአንድ አቀማመጥ የተገኘ ውጤት ገምጋሚ ፊት አይቆምም።

ጠያቂ
ተባረኩ! በ3 ዲቢኤም +5 ወጣልኝ። ለተጠቃሚው 10 ዲቢ ብፈልግስ? ደግሞ የማትላቡ አጣማሪ ትእዛዝ ማችፔርስ መጥፎ መጥፎውን ነው የሚያጣምርልኝ።

የመንዝ ልጅ
ወደ −2 ዲቢኤም አውርጂው። ለጥንዶቹም 15 ዲቢ ይቀራቸዋል። ማችፔርስ ካልነገርሽው ትንሹን ድምር ነው የሚፈልገው። አንቺ ያስገባሽው ፍጥነት ስለሆነ መጨረሻ ላይ «ማክስ» የሚለውን ጨምሪበት።